የኪሱ ይሁን የጠረጴዛው

ጥቅምት 8

ለምወድህ ወንድሜ ለችኩሌ፤

ሰላምታዬ ከእማዬ ይጀምር፤ ከእሷ የተረፈውን አንተ ውሰድ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ አልፎ አልፎ መኖሩን ያስታውሰኛል እንጂ ሌላ የሚከፋ ነገር የለብኝም። እናንተን ከጤናም ከሳቅም አያጉድላችሁ።

ደብዳቤህን እትዬ ሻንጣ እጅ በእጅ ሰጡኝ። ሴትዮዋ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ከእናንተ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እናንተ ሲመላለሱ ሳይ ዕቃ ነው የሚነግዱት ወይስ የእኛን ወሬ እላለሁ። ዓለም ሁሉ በስልክ በሚያወራበት ዘመን በወረቀት እንድንጻጻፍ ያደረግከን አንተ ነህ። ያ ደንበኛህ ስልኩ ተጠልፎ ያጠራቀመው ሁሉ ከወጣበት ወዲህ "የክሪፕቶ ነገር በስልክ አይነሳም" ብለህ ሕግ አወጣህ። እሺ፣ ሕግህን አክብሬያለሁ። በስልክ የምናወራው ስለ አየሩና ስለ እማዬ ዓይን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በኢንተርኔት የገዛናቸው የክሪፕቶ ሳንቲሞቻችን የተቀመጡበት የገበያው አፕ ነገረ ሥራው አላማረኝም። ባለፈው ትንሽ ላወጣ ብሞክር "ጥገና ላይ ነን" አለኝ፤ በነጋታውም ያንኑ ደገመልኝ። ያ ገንዘብ የሁለታችን ላብ ነው። ከመንገዱ ዳር ሁለቱን ክፍሎች ልንሠራበት ነው ያጠራቀምነው፤ አንዱ ለአንተ የስልክ ጥገና፣ አንዱ ለእኔ ልብስ ማጠቢያ፣ እኔም ተመልሼ እማዬ አጠገብ ልኖርበት። የማላውቀው ሰው እጅ ላይ ትቼው እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ስላለ፣ አንተ ደጋግመህ ያልከውን፣ የገንዘቡን መክፈቻ ሚስጥር በራስ እጅ የሚያስይዘውን መሣሪያ ልጠይቅ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ፣ የራሱ ባትሪ ያለው፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚነጋገርና ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው። ሌላኛው ሰፊ ስክሪን ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ ነው። ሻጩ "ሥራሽ እየዞርሽ ነው ወይስ ተቀምጠሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቆሜ ነው አልኩት። ለዚያ የሚሆን አልመጣልንም ብሎ ሳቀ።

የእኔ ምርጫ የጠረጴዛው ነው። ኪስ የሚባል ነገር አላምንም። በዚህ በሰው አገር፣ በሆቴሉ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሥራዬ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ልብሱ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የእያንዳንዱን ኪስ እፈትሻለሁ። ከሰው ኪስ ያላወጣሁት ነገር የለም። የመኪና ቁልፍ፣ የጋብቻ ቀለበት፣ አንዴማ ሰው ሠራሽ ጥርስ አውጥቻለሁ። ሁሉም ኪሳቸው ውስጥ ያለ መስሏቸው ነው የሄዱት። ስለዚህ የጠረጴዛውን ልግዛና በእትዬ ሻንጣ ልላከው። በውስጠኛው ክፍል፣ እማዬ ትሰፋበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

እማዬ ስደውልላት ለምን ቶሎ ቶሎ ትዘጋለች? ዓይኗ ባሰባት እንዴ? እንዳትደብቀኝ።

እህትህ


ጥቅምት 27

ለእታለም፣ ለቤታችን አዛዥ፤

ሰላምታሽን እማዬ ሙሉውን ወሰደችው፤ ለእኔ የተረፈ የለም። እኔም ከራሴ ቀንሼ ሁለት እጥፍ ልኬልሻለሁ። ዓይኗ ያው እንደምታውቂው ነው፤ ከመስኮቱ በኩል ብርሃን መኖሩን ትለያለች፣ ከዚያ ያለፈውን አትጠይቂኝ። ስልኩን ቶሎ የምትዘጋው ሒሳብ እንዳይቆጥርብሽ ነው። በነፃ ነው ብለን ስንት ጊዜ ነገርናት፣ "ነፃ የሚባል ነገር የለም" ትላለች።

እታለም፣ የጠረጴዛውን መርጠሻል አሉ። ለመሆኑ ጠረጴዛ ያለው ማን ነው? አንቺ ከአምስት ሴቶች ጋር በተደራራቢ አልጋ፣ ያውም ላይኛው ላይ የምትተኚ ሰው ነሽ። ይህን ደብዳቤ ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ እንደጻፍሽው ከእጅ ጽሑፍሽ ይታወቃል፤ መስመርሽ ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል።

እኔ የሰው ስልክ ስፈታ የኖርኩ ነኝና ስሚኝ። የጠረጴዛው ኮምፒውተር ይፈልጋል። የእኛ ላፕቶፕ ከሞተ ቆየ። የሰው ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይሰካም። መብራት ሲሄድ ደግሞ መሣሪያሽ ጌጥ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። የኪሱ ግን ስልክ ካለሽ የትም ይሠራል፤ መንገድ ላይ፣ አውቶብስ ውስጥ፣ የትም። ብሉቱዙን እንዳትፈሪው። ሚስጥሩ ከመሣሪያው ውስጥ ንቅንቅ አይልም፤ በአየር የሚሄደው የማጽደቂያው ፊርማ ብቻ ነው። የአንቺ የጥርስ ባለቤት ኪሱን ቢዘጋው ኖሮ ጥርሱን ይዞ ይሄድ ነበር።

ደግሞ ለሱቁ ኪራይ ብለሽ የምትልኪውን ለጊዜው ተይው። እዚያው ሳንቲሙ ላይ ጨምሪበት። ይልቅ አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ነፋስ የማያስገባ ወፍራም ጃኬት እዚያ ይረክሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ብዙ ኪስ ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል። ኪስ እንደማትወጂ አውቃለሁ።

ወንድምሽ ችኩሌ


ኅዳር 16

ለችኩሌ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከተደራራቢ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ፣ ደህና ነኝ። መስመሬ ከወረደ ቀና አድርገህ አንብበው።

ያልከው እውነት ነው፤ ጠረጴዛ የለኝም። አብሽቆኛል፣ ግን እውነት ነው። እዚህ ያለኝ ነገር ሁሉ ትራስ ሥር የሚገባ ነው። ከአልጋ አልጋ፣ ከክፍል ክፍል ሲያዛውሩን ስንት ጊዜ ጠቅልዬ ተነሳሁ። የጠረጴዛውን የወደድኩት፣ የእኔ የሆነ አንድ ነገር እንኳ ቤታችን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቀኝ ነው። ተመልሼ ስገባ እጄን የማሳርፍበት ነገር ይኑረኝ። ይኸው ነገርኩህ፤ ሳቅብኝ።

ደግሞ እንዲህ ብቻ አይደለም። ወደ ሻጩ ተመልሼ ስሄድ ሁለቱንም አስነካኝ። ገንዘብ ስትልክ የተቀባዩ አድራሻ መሣሪያው ላይ ይወጣል፤ አይተህ፣ ልክ ነው ብለህ ነው የምታጸድቀው። በጠረጴዛው ሰፊ ስክሪን ላይ አድራሻው ባንዴ ይታያል። በኪሱ ላይ እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው፤ አውራ ጣትህ እስኪደክም ትጫናለህ። "ሰው የሚዘረፈው እዚህ ላይ ነው" አለኝ፣ "ሰልችቶት ሳያነብ እሺ ሲል።" ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝ። አንተ በሕይወትህ አንብበህ እሺ ያልከው ነገር አለ? ባትሪውም ከዓመታት በኋላ ይደክማል አለኝ፤ የገመዱ ግን ባትሪ ስለሌለው አያረጅም።

አሁን የሆዴን ልጠይቅህ። ኪራይ አትላኪ ስትለኝ ይህ የመጀመሪያህ ነው። አምና የመስታወት መደርደሪያ ላኪልኝ ብለህ ጆሮዬን ያደነቆርከው አንተ አይደለህም? ወፍራም ጃኬት የሚያስለብስ ብርድስ ሰፈራችን ውስጥ መቼ ገባ? ሱቁ እንዴት ነው? ቀልድህን ትተህ እንደ ሰው መልስልኝ።

እህትህ


ጥር 4

እታለም፤

ጤና ይስጥልኝ ከነመላው የልብስ ማጠቢያሽ። መልሴ የዘገየው እትዬ ሻንጣ ጉልበታቸውን አሟቸው ጉዞአቸውን ስላቆሙ ነው። አሁን ድነዋል፤ ሻንጣውም እሳቸውም እያቃሰቱ ይደርሱልሻል።

እዚህ የማውቃቸው ሰዎች ከገበያው አፕ ማውጣት አቅቷቸዋል። የኪሱ የጠረጴዛው የምንልበት ጊዜ አይደለም። የኪሱን ግዢና በፍጥነት ላኪው። አድራሻውን አነባለሁ፤ ሁለቴ አነባለሁ፤ ከፈለግሽ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሳጥኑን ግን አንቺም እንዳትከፍቺው። ተከፍቶ የመጣ ሳጥን ውስጥ ማን እጁን እንደከተተ አይታወቅም፤ ለደንበኞቼ የምለው ይህንኑ ነው።

ሱቁ ደህና ነው። ሁሉም ነገር ደህና ነው። የእማዬን ጠረጴዛ ለጊዜው ሰው ወስዶታል፤ እሷን እንዳትጠይቂያት፣ ለምን በከንቱ ትጨነቃለች። ጃኬቱን እንዳትረሺ።

ችኩሌ


ጥር 21

ለችኩሌ፤

ለእማዬ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ለአንተ ሰላምታ ከጃኬቱ ጋር መጥቶልሃል።

የኪሱን ገዛሁት። አንተ አላሸነፍከኝም፤ ገበያው ነው ያሸነፈኝ። ሻጩ የጠረጴዛውን መልሶ መስኮቱ ላይ ሲያስቀምጠው ቆሜ አየሁት። ሳጥኑን አልከፈትኩትም፤ የታሸገበት ፕላስቲክ ሳይነካ፣ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ አድርጌ፣ ኪሱን በመርፌ ሰፍቼ ለእትዬ ሻንጣ ሰጥቻለሁ። ኪስ የሚባል ነገር አላምንም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ አስታውሰህ እንዳትስቅ።

አስጀምረው፣ ከዚያ አድራሻውን ብቻ ፎቶ አንስተህ በስልክ ላክልኝ። እሱ ሚስጥር አይደለም፣ ሕጉም አይነካውም ብለኸኛል። አፑ በሩን ገርበብ ባደረገ ሰዓት ጠብቄ ሁሉንም ወደዚያ አስተላልፈዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። መሣሪያው ሲጀመር አሥራ ሁለት ቃላት ይሰጣል አሉ፤ መሣሪያው ቢጠፋ፣ ቢሰበር፣ በእነዚያ ቃላት ሁሉም ይመለሳል። እንግዲህ ቃላቱን የያዘ ገንዘቡን ያዘ ማለት ነው። ስልክህ ላይ እንዳትጽፋቸው። ፎቶ እንዳታነሳቸው። ለእኔም እንዳትልካቸው። ግን አንተ ብቻህን እንድትይዛቸውም ልቤ አልወደደም። አትቀየመኝ፤ ብቻ መላ ፈልግ።

ጠረጴዛውን ማን ወሰደው?

እህትህ


የካቲት 14

ለእታለም፣ ኪስ ለሰፋችው፤

ሰላም ለእጆችሽ። እማዬ ስፌትሽን ዳብሳ "ይህቺ ልጅ ክር ታባክናለች" ብላለች፤ ይህ ከእሷ አፍ ምርቃት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ሳንቲሞቹ ገብተዋል። አድራሻውን ሳልልክልሽ በፊት፣ እንደነገርኩሽ ሁለቴ አነበብኩ፤ አንዴ በሆዴ፣ አንዴ ጮክ ብዬ። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ "አለቀ?" እያለች ትጨቀጭቀኝ ነበር። ካለቀ በኋላ ከትከሻዬ ላይ ጆንያ የወረደልኝ መሰለኝ። ገንዘባችን ከማንም እጅ ወጥቶ የራሳችን ሆነ።

ስለ ቃላቱ ደግሞ ስሚ። ወረቀት ላይ ጻፍኳቸውና ወረቀቱን የማደርግበት ጠፋኝ። ቤቱን ስዞረው ዋልኩ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ፍራሽ ሥር ማንም ሌባ ያያል፣ ግድግዳው ውስጥ አይጥ አለ። እማዬ መንጎራደዴ ሰለቻትና "ምንድነው የያዝከው?" አለችኝ። ነገርኳት።

"ለእኔ ስጠኝ" አለች።

"እማዬ፣ አታነቢውም እኮ።"

"ማን ላንብብ አለ? ጥራልኝ።"

በማታውቀው ቋንቋ አንድ በአንድ ጠራሁላት። እሷ ድሮ ስትሰፋ ቁልፍ የምታጠራቅምበትን ጣሳ አስመጥታ ከውስጡ አሥራ ሁለት የልብስ ቁልፎች መረጠች፤ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል። ትልቁን የኮት ቁልፍ የመጀመሪያው ቃል አደረገችው። ቀጥሎ ባለ ሁለት ቀዳዳውን፣ ቀጥሎ ጠርዙ የተሸረፈውን፣ እንዲህ እያለች ሁሉንም ክር ላይ ሰካቻቸው። ቁልፉን በጣቷ ስትነካ ቃሉን ትላለች። ሳምንት ሳይሞላ ሳትሳሳት ተወጣቻቸው፤ ከታች ወደ ላይም ብትያት ትወጣለች። ለካ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የወገብና የትከሻ ልክ በቃሏ ትይዝ የነበረች ሴት ናት። እኔ ግን ዓይኗ ሲደክም ሌላውም አብሮ የደከመ መስሎኝ ኖሬአለሁ፤ አፈርኩ።

ወረቀቱን አቃጠልኩት። እኔ ቃላቱን አልያዝኳቸውም፤ ልያዛቸው ብልም የእኔን ጭንቅላት ታውቂዋለሽ። አደራም ብያታለሁ፦ ለማንም እንዳትናገሪ፣ በስልክ ለእታለምም ቢሆን፣ እኔም ራሴ ተጣድፌ ከመጣሁ እንዳትነግሪኝ። ሰው የሚዘረፈው ሲጣደፍ ነው። እሺ አለች። መላ ፈልግ ብለሽኝ ነበር፤ ይኸው መላ።

ጃኬቱ ልክክ ብሎልኛል። ቤት ውስጥ ለብሼው ነው የዋልኩት።

ችኩልሽ


መጋቢት 11

ወንድሜ፤

ዛሬ ሰላምታ የለኝም፤ ለእማዬ ያለኝን ራሴ እነግራታለሁ።

እትዬ ሻንጣን ታችኛው አልጋ ላይ አስቀምጬ ጠየቅኳቸው። ሴትዮዋ ዕቃ ይደብቃሉ እንጂ ወሬ አይደብቁም። መጀመሪያ ጉልበታቸውን አሹ፣ ቀጥሎ ውኃ ጠየቁ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ዘረገፉት። ሱቁን ከዘጋህ ወራት ሆኖታል። መፍቻዎችህንም፣ መደርደሪያህንም፣ የእማዬን ጠረጴዛም ሸጠሃል። ፓስፖርትህ ወጥቷል። ከጓደኛህ ጋር ልትሄድ ነው፤ ወዴት እንደሆነ እንኳ እሳቸው አያውቁም፣ ብርድ አገር ነው ብቻ አሉኝ። ብርዱንማ እኔው ነኝ ያለበስኩህ።

የኪሱን የፈለግከው ለዚህ ነው። ስልክ ካለሽ የትም ይሠራል አልከኝ። እኔ ሞኟ ስለ ስክሪን ስፋትና ስለ ባትሪ ስጨነቅ፣ አንተ መንገድህን እያሰብክ ነበር። መሣሪያው ኪስህ ውስጥ ነው፣ የሚከፍተው ቁጥር፣ ፒኑም አንተ ጋ ነው፤ እማዬ ክሯን ይዛ ብትቀመጥ ምን ያቆምሃል? ለማንስ ነበር የምትተዋት? ማለዳ ተነስታ ስትጠራህ ማን አቤት ይበላት?

ሌባ ነህ አልልህም። ግን ሌባ ቢሆን ከዚህ የተለየ ምን ያደርግ ነበር?

ቆሽቴ አርሯል። ሥራ ላይ የሰው ኪስ ሳልፈትሽ ማሽን ውስጥ ከተትኩና የአንድ ክፍል አንሶላ ሁሉ በቀለም ተበላሸ። በስምንት ዓመት እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

እህትህ


ሚያዝያ 3

እታለም፤

አንቺ ሰላም ብትነፍጊኝም እኔ ሰላም እልሻለሁ።

ደብዳቤሽን እትዬ ሻንጣ ፊት ነው ያነበብኩት። ሌባ አልልህም የምትለው ላይ ስደርስ ብድግ አልኩ። መሣሪያውን ከኪሴ አወጣሁና "ይዩኝ፣ ለእህቴ ምስክር ይሁኑኝ" አልኳቸው። የተሳሳተ ፒን አስገባሁ። ደገምኩ። ሦስተኛውን ስጫን ሁሉንም አጥፍቶ ባዶ ሆነ፤ እንዲያ ሆኖ ነው የተሠራው። ይዞ የሚጠፋ ሌባ እንዲህ አያደርግም ልልሽ ነበር። እትዬ ሻንጣ ምን እንዳደረግኩ አልገባቸውም፤ "ተበላሸ እንዴ?" አሉኝ። የዚያን ጊዜ ለእኔም ገባኝ። አሁን ገንዘባችን ኪስም ውስጥ የለም፣ ጠረጴዛም ላይ የለም። እማዬ አፍ ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

ሮጬ ሄድኩ። "እማዬ፣ ቃላቱን በይልኝ፤ መሣሪያውን ልመልሰው።"

"ተጣድፈሃል" አለችኝ።

በነጋታው ቀስ ብዬ ገባሁ፣ ስለ ሌላ ሌላው አወራሁ፣ ከዚያ ጠየቅኳት። "ድምፅህ አሁንም ይሮጣል" አለች። ያወጣሁትን ሕግ በራሴ ላይ ዘጋችብኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስለምናት ክሩን እጇ ላይ ጠቅልላ፣ "እህትህ እዚህ ፊቴ ትቀመጥ፣ አንተም አጠገቧ። ያኔ እላለሁ" አለችኝ። ለካ ሁሉን ታውቅ ነበር። "ጠረጴዛው ሲወጣ እግሩ በሩን ሲመታው ሰምቻለሁ" አለች። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

እሄዳለሁ ማለቴ እውነት ነው። እታለም፣ አንቺ ስትሄጂ ትቀራለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቀረሁ። ትመጫለሽ ስል አንድ ዓመት፣ ሌላ ዓመት፣ ደግሞ ሌላ። አንዱን ስልክ ፈትቼ ሌላውን ስገጥም፣ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን ይሄድ ጀመር። መቀመጥ አልቻልኩም። ለአንቺ ብዬ ያዘጋጀሁት ቃል፣ እማዬን አንቺ እስክትመጪ ለጎረቤት አደራ እላለሁ የሚል ነበር። ውሸት ነው። እውነቱ፣ እኔ ከሄድኩ አንቺ መምጣትሽ አይቀርም ብዬ ነው። በሌላ መንገድ የምትመጪ አልመሰለኝም።

ድርሻሽን አልነካም ነበር። ይህን እመኚኝ፤ ሌላውን ባታምኚኝም።

ችኩሌ


ግንቦት 2

ለወንድሜ ለችኩሌ፤

ደህና ነህ ወይ? ከልቤ ነው የምጠይቅህ። ያንን ቃል መጻፍ አልነበረብኝም። አንተም ሦስት ጊዜ መጫን አልነበረብህም። ተቻቻልን።

ለእማዬ ደወልኩላት። እንዴት ልጀምርላት ስል "አየሩ እንዴት ነው?" አለችኝ። ስለ ገንዘቡ ገና ምንም ሳላነሳ፣ "በስልክ አይነሳም" ብላ ዘጋችው። ሳቄም እንባዬም ባንድ ላይ መጣብኝ።

ትመጫለሽ ብዬ አላምንም ያልከው አንጀቴን በላው። ግን ነገሩን በሰከነ ልብ እየው። ውሌ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ካቋረጥኩ የአገልግሎት ክፍያዬን አይሰጡኝም፣ ክፍሎቹንም ስንጀምር ያ ያስፈልገናል። እማዬ ጋ ያለው የትም አይሄድም። ባትሪ አያልቅበት፣ ገመድ አይፈልግ፣ ማንም አይጠልፈው። ከሁለቱም መሣሪያዎች እሷ ትሻላለች። ጥቂት ወራት ነው። አንተም እስከዚያ እዚያው ሁንልኝ፤ ስመጣ ሂድ፣ እኔው እሸኝሃለሁ። የጠረጴዛውን መሣሪያ ይዤ እመጣለሁ፣ ጠረጴዛም አብረን እንገዛለን።

ቁጭ በልልኝ። ይህን ከአንተ መለመን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

እህትህ


ሰኔ 7

እታለም፤

እትዬ ሻንጣ እስኪነሱ መጠበቅ አልቻልኩም። ይህን ወረቀት ጽፌ ፎቶውን በስልክ ልኬልሻለሁ። ሕጌን ያፈረስኩት እኔው ነኝ።

እማዬ በየማለዳው ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ሥር ተቀምጣ ክሩን ትቆጥራለች። ድምፅ አታወጣም፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው። ቃላቱን ባላውቃቸውም አካሄዱን ለምጄዋለሁ፤ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ቃል። ዛሬ ትንሹ የሸሚዝ ቁልፍ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። አገላበጠችው፣ በጥፍሯ ጫረችው፣ ከዚያ አልፋው ሄደች። ከመጀመሪያው ጀመረች። እዚያው ስትደርስ እንደገና ቆመች፣ እንደገና አለፈችው።

አንቺን ለማስጠራት ብላ የረሳች መስላ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እሷ ይህን አታጣውም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ክሩን ጭኗ ላይ አኖረችው። ወደ እኔ ዞራ፣ "ልጅቷ ከሥራ አልገባችም እንዴ? ለምን አመሸች?" አለችኝ። ገና ማለዳ ነው። ትመጣለች አልኳት።

የጨነቀኝ ገንዘቡ አይደለም። የትም አልሄድም፣ እዚሁ ነኝ። ግን ብቻዬን ይህን ማየት አልችልም።

ችኩሌ


ሰኔ 7

ችኩሌ፤

እኔም ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልህ። ማሽኑ ላይ አድርጌ ስለምጽፈው ይንቀጠቀጣል፤ እንደምንም አንብበው።

ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። የአገልግሎቴ ይቀራል አለኝ፤ ይቅር አልኩት። ትኬት ቆርጫለሁ፣ ከነገ ወዲያ እገባለሁ። ወደ መሣሪያው ሱቅ አልሄድኩም።

እማዬን ስለ ቃሉ እንዳትጠይቃት። እንዳትፈትናት፣ ስትቆጥርም ቆመህ ከንፈሯን እንዳትመለከት። ረስታው እንደሆነ እንደረሳች አትንገራት። እኔም መጥቼ አልጠይቃትም፤ አሥራ አንዱንም አልፈልግም። ልጅቷ የት ደረሰች ካለችህ፣ መንገድ ላይ ናት በላት፤ ደጋግማ ብትጠይቅህ ደጋግመህ መልስላት።

ድምፄን ሳትረሳው ልድረስ።

እህትህ